የፈረሰ የአየርላንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና መቃብሩን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በአየርላንድ ገጠር በመኪና ስትዘዋወሩ አንድ ነገር ቶሎ ቶሎ ያጋጥማችኋል። ጣሪያ የሌለው፣ ሐረግ የወረረው የድንጋይ ግድግዳ፤ ዙሪያውን ደግሞ መቃብር። አብዛኛው ሰው ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ ግን ቆም ብለው "ይሄ መቼ ተሠራ? ማን ምኑን ጨመረበት? ለምንስ ፈረሰ?" ብለው ለሚጠይቁ ነው። መልሱን ለማግኘት አርኪዮሎጂስት መሆን አያስፈልግም። ምን ማየት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ግድግዳው ራሱ ብዙ ይናገራል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። እነዚህ ሕንፃዎች በአንድ ጊዜ ተሠርተው ያለቁ አይደሉም። አንዱ ትውልድ ግድግዳ አቆመ፣ ሌላው መቅደሱን አስረዘመ፣ ሦስተኛው መስኮት ቀየረ፣ አራተኛው በሩን ደፈነ። ስለዚህ "ይህ ቤተ ክርስቲያን የስንተኛው ክፍለ ዘመን ነው?" ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። የሚያስኬደው "የትኛው ክፍል ከየትኛው ይቀድማል?" የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ደግሞ ያማረው ቅርጽ ላይ ሳይሆን ግንብና ግንብ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ዓይናችሁ መጀመሪያ እዚያ ይሂድ።

(ዓመቶቹም ወራቱም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በጋ ስል የአየርላንድን ሞቃት ወራት፣ ክረምት ስል ደግሞ ቀዝቃዛዎቹን ነው።)

ትንሽ ታሪክ፣ ያለሱ አይሆንም

አየርላንድ በሥርዓት በሀገረ ስብከት የተከፋፈለችው በ1111 በራት ብረሳል፣ በኋላም በ1152 በኬልስ በተደረጉ ሲኖዶሶች ነው። አጥቢያ የሚባለው ነገር ግን መልክ የያዘው ቀስ በቀስ ነው፤ በተለይ አንግሎ ኖርማኖች የሚባሉት የእንግሊዝ ወራሪዎች በ1169 ከገቡ በኋላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው። አዲሱ ባላባት መሬት ያዘ። ገበሬው አሥራት ከፈለ። አሥራቱ አንድ ቄስና አንድ ቤተ ክርስቲያን አቆመ። ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ብዙ ጊዜ የባላባቱ ግንብ ወይም በሰው እጅ የተቆለለ የአፈር ጉብታ የሚገኘው ለዚህ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለውንም መሬት ቃኘት አድርጉ።

ለምን ፈረሱ? በ1536 የአየርላንድ ፓርላማ የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ 8ኛን የቤተ ክርስቲያኗ የበላይ ራስ አድርጎ አወጀ። ሕንፃዎቹ ከነአሥራታቸው ወደ አዲሲቱ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ዞሩ። ሕዝቡ ግን በአብዛኛው ካቶሊክ ሆኖ ቀረ። ምእመን የሌለውን ሕንፃ ማን ይጠግነዋል? በ1615 በንጉሡ ትእዛዝ አጥቢያዎቹ ሲጎበኙ ከየቦታው የተመዘገበው ሪፖርት ብዙዎቹ ያኔውኑ ፈርሰው እንደነበር ያሳያል። ከዚያ በ1641 የፈነዳውና ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀው ጦርነት መጣ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ ጣሪያቸውን አጡ።

ሰው ግን መቅበሩን አላቆመም። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አባቶቹ ካረፉበት ማረፍ ፈለገ። ጣሪያው ከወደቀ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ራሱ የመቃብር ቦታ ሆነ። ዛሬ መቅደሱ ውስጥ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐውልት ብታዩ አይግረማችሁ።

ከቤት ሳትወጡ

የአየርላንድ ብሔራዊ ሐውልቶች አገልግሎት በድረ ገጹ ላይ ነፃ ካርታ አለው። እያንዳንዱ የተመዘገበ ቅርስ በነጥብ ተቀምጧል። ነጥቡን ስትጫኑ ብዙ ጊዜ አጭር መግለጫ ይወጣል። መጀመሪያ እሱን እዩ፤ ከዚያ ከ1829 እስከ 1842 የተሠራውን የመጀመሪያውን ባለ ስድስት ኢንች (አንድ ማይል በስድስት ኢንች የተሣለበት) የኦርድናንስ ሰርቬይ፣ ማለትም የመንግሥት ቅየሳ፣ ካርታ ክፈቱ። ያኔ ሕንፃው ምን ያህል ቆሞ እንደነበር፣ የመቃብሩ አጥር ክብ ይሁን አራት ማዕዘን፣ መንገዱ በየት ያልፍ እንደነበር ያሳያችኋል። ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ከፈለጋችሁ የ1655 እና 56 የዳውን ሰርቬይ የሚባለው የመሬት ቅየሳ ካርታዎች አሉ። ከ1302 እስከ 1306 ለሮማው ጳጳስ ግብር የተሰበሰበበት ዝርዝር ደግሞ የአጥቢያችሁ ስም በዚያ ዘመን ይታወቅ እንደነበር ይነግራችኋል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ካለ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕንፃው ቢቀየር እንኳ አጥቢያው ያኔ ነበረ ማለት ነው።

ጊዜውን ምረጡ። በበጋ ሳማው፣ እሾሁና ሐረጉ ሁሉን ነገር ይሸፍናል። እኔ የምመክረው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ፀሐይ ያለበትን ቀን ነው። ቅጠሉ ረግፏል፣ ፀሐዩም ዝቅ ብሎ በጎን ስለሚመታ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ሁሉ ጥላ ይጥላል፤ በበጋ እኩለ ቀን ላይ ባዶ የመሰለ ድንጋይ በክረምት ጠዋት ፊደል ሞልቶበት ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ጥቂት ነው። ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ፣ ጠንከር ያለ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ። ኮምፓሱ ስልካችሁ ውስጥ አለ። ቦታው በግል እርሻ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ገበሬውን አስፈቅዱ። ብዙ ጊዜ በደስታ ያስገቧችኋል። እግረ መንገዳቸውንም የትም ያልተጻፈ ነገር ይነግሯችኋል።

መጀመሪያ በውጭ ዙሩ

ወደ ውስጥ ለመግባት አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በውጭ ዙሩ።

አቅጣጫውን ለዩ። ሕንፃው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው፤ መሠዊያው ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነበር። እኛ ቅኔ ማህሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ብለን ሦስት ክፍል ለምደናል። እነዚህ ግን በአብዛኛው ሁለት ክፍል ብቻ ናቸው። በምዕራብ ሰፊው የሕዝቡ ክፍል፣ በምሥራቅ ጠበብ ያለው መቅደስ። ሁለቱን የሚያገናኝ ቅስት መሐል ላይ ይቆማል። አንዳንዱ ደግሞ መቅደሱ ከሌላው ሳይጠብ አንድ ረጅም ቤት ሆኖ ይሠራል፤ ያኔ መለያው የእንጨት መጋረጃ ብቻ ነበር። እንጨቱ ዛሬ የለም። የተሰካበት ቀዳዳ ግን ግድግዳው ላይ ሊቀር ይችላል።

አሁን መጋጠሚያዎቹን ፈልጉ። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ካያችሁ፣ ግራና ቀኙ ያሉት ድንጋዮች እርስ በርስ ካልተቆላለፉ፣ ሁለቱ ግንቦች በተለያየ ጊዜ ነው የተሠሩት። የትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ መስመሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በአንዱ በኩል ትልልቅ የተጠረቡ የማዕዘን ድንጋዮች ከተደረደሩ ያ ወገን ነው ቀዳሚው። አንድ ጊዜ የሕንፃው ጫፍ ነበር ማለት ነው፤ ሌላው በኋላ መጥቶ ተለጠፈበት። ድንጋዮቹ እንደ ጣት ተቆላልፈው ካለፉ ግን አብረው ነው የተገነቡት። እሷን አንዲት ነገር ከያዛችሁ የሕንፃውን ግማሽ ታሪክ ያዛችሁ።

የተደፈነ በርና መስኮትም እንዲሁ ነው። መድፈኛው ምንጊዜም ከግድግዳው በኋላ ነው። አንድ የሚያሳስት ነገር ግን አለ። ያማረ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መስኮት አይታችሁ ግድግዳውንም 15ኛው ክፍለ ዘመን ነው እንዳትሉ። በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ግንብ ተመልከቱ። የተረበሸ ከሆነ፣ በትንንሽ ድንጋይ የተወታተፈ ከሆነ፣ አሮጌው ግድግዳ ተሰብሮ ነው መስኮቱ የገባው።

ሸካራ ክብ ቀዳዳ ብቻ ሆኖ የቀረ መስኮትም ታያላችሁ። ያ ብዙ ጊዜ በራሱ የፈረሰ አይደለም። ጥርብ ድንጋይ ውድ ነገር ነው። ሰዎች ፈልፍለው ወሰዱት። በአካባቢው ባለ አሮጌ የእርሻ ቤት ወይም በመቃብሩ አጥር ውስጥ ተገንብቶ ብታገኙት እንዳይገርማችሁ።

ግድግዳው ላይ በእኩል ከፍታ የተደረደሩ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ካሉ እነሱ የፖንቲ ቀዳዳዎች ናቸው። ግንበኛው እንጨት ሰክቶ ቆሞባቸው ነበር የሚሠራው። በአንዱ ክፍል ኖረው በሌላው ከሌሉ፣ ወይም ከፍታቸው መሐል ላይ ከተቀየረ፣ እዚያም ላይ ሥራው ተቋርጦ እንደነበር ጠርጥሩ።

የግድግዳው እግር ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ የሚያዘነብል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኋለኛው መካከለኛ ዘመን ምልክት ነው። የዚያን ዘመን የግንብ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው።

ዘመኑን የሚያስይዙ ምልክቶች

በጣም ጥንታዊዎቹ፣ ማለትም ከ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ያሉት፣ በራቸው በምዕራብ ነው። በላዩ ላይ አግድም የተጋደመ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። የበሩ ጎኖች ወደ ላይ ሲሄዱ ይጠብባሉ። ሕንፃውም አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ የስፋቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። የሰሜንና የደቡቡ ግድግዳ ከምዕራቡና ከምሥራቁ ግድግዳ አልፎ ወደ ፊት ወጣ ካለ ደግሞ ከ1200 በፊት መሆኑን አጥብቃችሁ ጠርጥሩ። ይህ ከጥንቱ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አሠራር የመጣ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው።

ከዚያ የሮማኔስክ ጊዜ ይመጣል፣ በዋናነት 12ኛው ክፍለ ዘመን። ግማሽ ክብ ቅስት፣ ዚግዛግ ጌጥ፣ የሰውና የእንስሳ ራስ። የዚህ አሠራር ዋና ምሳሌ በ1134 የተቀደሰው፣ ካሼል በምትባል ከተማ ያለው የኮርማክ ጸሎት ቤት ነው። አሠራሩ እስከ ገጠሩ አጥቢያ እንደደረሰ ማየት ከፈለጋችሁ ኬሪ ካውንቲ ውስጥ ዲንግል ልሳነ ምድር ላይ ወዳለው ኪልማልኬዳር ሂዱ። በውስጥ ግድግዳው ላይ ልክ እንደ ካሼል የተደረደሩ ዕውር ቅስቶች (ለጌጥ የተሠሩ፣ ክፍት ያልሆኑ) አሉ፤ የጎን ግድግዳዎቹም ከላይ እንዳልኩት ወጣ ብለዋል። በመቃብሩ ውስጥ ኦገም በሚባለው የጥንት አየርላንዳውያን የጭረት ፊደል የተጻፈበት አናቱ የተበሳ ድንጋይ፣ የፀሐይ ሰዓት የተቀረጸበት ድንጋይና ትልቅ የድንጋይ መስቀል ቆመዋል። የላቲን ፊደል የተቀረጸበት ድንጋይም እዚያው አለ። አንድ ቦታ ብቻ የማየት ዕድል ቢኖራችሁ እኔ እሱን እመርጥላችኋለሁ።

በ12ኛው መጨረሻና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መስኮቱ ይረዝማል፣ ይጠብባል፣ አናቱ ይሾላል። በሩም ወደ ደቡቡ ግድግዳ ምዕራባዊ ጫፍ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ለጌጥ የሚሆነው ድንጋይ አንዳንዴ ከእንግሊዝ፣ ከብሪስቶል አጠገብ ካለው ዳንድሪ፣ በመርከብ ይመጣ ነበር። ለስላሳ ክሬም መልክ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። ከአካባቢው ግራጫ ድንጋይ መካከል ብቻውን ያስታውቃል።

14ኛው ክፍለ ዘመን ግንባታ ቀንሷል። ከ1315 እስከ 1318 ከስኮትላንድ የመጣው የኤድዋርድ ብሩስ ወረራ ነበር፣ ረኀብ ነበር፣ ከዚያ በ1348 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ደረሰ። ከ1400 በኋላ ሥራው እንደገና ይሟሟቃል። የዚህ ጊዜ መስኮት አናቱ መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ ሻማ ነበልባል ይሾላል። አንዳንዴ አንድ ብቻ፣ አንዳንዴ ሁለት ጎን ለጎን።

ቅርጹ ከጠፋስ? የመሮውን ዱካ ተመልከቱ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው ይሄንን ነው፤ ምክንያቱም ድንጋይ ጠራቢው ከ800 ዓመት በፊት እጁን እንዴት እንዳንቀሳቀሰ ነው የሚያሳያችሁ። ባትሪያችሁን ከጎን፣ ከድንጋዩ ጋር ሊነካካ በቀረበ ማዕዘን አብሩ። ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ጎን ለጎን ከታዩ ሥራው ከ12ኛው መጨረሻ እስከ 13ኛው አጋማሽ ያለ ሊሆን ይችላል። በሹል ብረት የተነቀሰ የሚመስል ነጠብጣብ ከሆነ ግን 15ኛው ወይም 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የተሰበረ አንድ ቁራጭ ድንጋይ እንኳ በዚህ መንገድ ዘመኑን ይናገራል።

አሁን ግቡ

ስትገቡ በሩን ራሱን ፈትሹ። ከበሩ ጀርባ በግድግዳው ውስጥ ረጅም ቀዳዳ ካለ የእንጨት መወርወሪያ የሚገባበት ነበር። ማታ ማታ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ ነበር ማለት ነው። ከውስጥ የሚቆልፍ ሰው ደግሞ ውስጥ የሚያድር ሰው ነው።

ወደ ምዕራቡ ጫፍ ዙሩና ቀና በሉ። በግድግዳው መካከል ላይ የወለል እንጨት የተሸከሙ ድንጋዮች ወይም የተደረደሩ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ከላይ ትንሽ መስኮት ወይም የእሳት ምድጃ ካለ፣ የቄሱ መኖሪያ ነው። በኋለኛው መካከለኛ ዘመን ብዙ ቄሶች ቤተ ክርስቲያኑ ላይ በተቀጠለ ፎቅ ወይም ግንብ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ኪልኬኒ ውስጥ ያለው ኪልፌን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ትንሽ ምሽግ የሚመስል ግንብ ተያይዞበታል። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ረጅሙ ካንትዌል" የሚባል የ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የድንጋይ ባላባት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የብረት ሰንሰለት ልብስ ለብሷል፣ እግሩን አጣምሯል፣ ጋሻ ይዟል። ቁመቱ ከሰው በጣም ይበልጣል። ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ቀና ብላችሁ ነው የምታዩት።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ። ከደቡቡ ግድግዳ ምሥራቃዊ ጫፍ አጠገብ ትንሽ የግድግዳ ጉድጓድ ፈልጉ። ወለሉ ላይ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ነገርና የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ካለው፣ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ንዋያተ ቅድሳቱን ያጠበበትን ውኃ የሚያፈስበት ነው። ውኃው ውጭ ሰው እንዳይረግጠው በግድግዳው ውስጥ አልፎ ወደ መሬት ይሰርጋል። መውረጃ ከሌለውና በሩ አጠገብ ከሆነ ግን ምእመናን ሲገቡ ጣታቸውን የሚነክሩበት የጸሎት ውኃ ማስቀመጫ ነው። ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታል፤ ቀዳዳውንና ቦታውን ካያችሁ አትሳሳቱም። ጎድጓዳ ሳህን የሌለው፣ ጠርዙ ላይ የእንጨት መዝጊያ የተገጠመበት ምልክት ያለው ደግሞ የዕቃ መደርደሪያ ነው። በደቡቡ ግድግዳ ላይ ሰፋ ያለ መቀመጫ መሰል ቅስት ካለ ካህናቱ በቅዳሴ መሐል አረፍ የሚሉበት ነው።

እነዚህ ነገሮች ስለ ወለሉም ይነግሯችኋል። ማጠቢያው ዛሬ ጉልበታችሁ ጋ ከደረሰ፣ ቄሱ ተንበርክኮ አልነበረም የሚያጥበው፤ መሬቱ ነው ከፍ ያለው። ለዘመናት የተቀበረው ሰውና የወደቀው ድንጋይ ወለሉን አንስቶታል። ከጉድጓዱ ታች እስከ ዛሬው መሬት ያለውን ለኩና መዝግቡ።

መሠዊያው ራሱ ብዙ ጊዜ የለም። ከምሥራቁ መስኮት ሥር የድንጋይ ክምር ካለ አትነካኩት፤ እሱ ሊሆን ይችላል።

ቅስት ጣሪያ የቀረበት ክፍል ካገኛችሁ ባትሪ አብርታችሁ ከሥሩ ያለውን ኖራ እዩ። የተጎነጎነ ቀጭን እንጨት ዱካ ይታያል። ግንበኞቹ ከሸንበቆ ቀጠን ካለ የዊሎው ወይም የሄዝል ቅርንጫፍ ምንጣፍ ጎንጉነው፣ በእንጨት ደግፈው፣ በላዩ ኖራና ድንጋይ ይደረድሩ ነበር። ኖራው ሲደርቅ እንጨቱ ተነሳ፤ ዱካው ግን ቀረ። አንዳንድ ቦታ ቁርጥራጩ ራሱ እስከ ዛሬ ተጣብቆ አለ።

ስለ ኖራ ካነሳን፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ማጣበቂያ ነጣ ያለና በጥፍር የሚፈረፈር ከሆነ ኖራ ነው። ግራጫና ድርቅ ያለ ከሆነ ሲሚንቶ ነው፣ ማለትም የቅርብ ጊዜ ጥገና። ሲሚንቶ ለእነዚህ ግድግዳዎች መጥፎ ነው። እርጥበቱን ቆልፎ ይይዛል፤ ክረምት ላይ ሲቀዘቅዝ የድንጋዩን ፊት ይሰነጥቃል።

መቃብሩ

ከአጥሩ ጀምሩ። አጥሩ ክብ ከሆነ ወይም አንድ ጎኑ ብቻ እንኳ ቢጎብጥ፣ ቦታው ከአጥቢያው በፊት ገዳም የነበረ ሊሆን ይችላል። ከግድግዳው ውጭም ሜዳው ላይ ያለ ጉብታ ወይም ያለ ምክንያት የሚጠማዘዝ መንገድ ሌላ ሰፊ ክበብ ሊያሳይ ይችላል። ልብ በሉ፣ ዛሬ የምታዩት የድንጋይ አጥር ብዙ ጊዜ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ለዚህ ነው አሮጌውን ካርታ አስቀድማችሁ እዩ ያልኳችሁ።

መቃብር የሚበዛው በደቡብና በምሥራቅ ነው። ሰሜኑ ብዙ ጊዜ ባዶ ወይም ዘግይቶ የተሞላ ነው።

ጽሑፍ ያለባቸው የራስጌ ድንጋዮች የሚበዙት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ተራው ሰው ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። ስለዚህ መካከለኛው ዘመን የት አለ ብላችሁ ስትፈልጉ ወደ መሬት እዩ። ከራስጌው ሰፍቶ ወደ እግርጌው የሚጠብብ፣ መስቀል የተቀረጸበት ጠፍጣፋ ድንጋይ የ13ኛው ወይም የ14ኛው ክፍለ ዘመን የመቃብር ክዳን ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ተሰብረው ለሌላ ሰው መቃብር ምልክት ሆነዋል፣ ወይም ተገልብጠው የመስኮት አናት ሆነዋል። የእያንዳንዱን መስኮት አናት ከሥር ቀና ብላችሁ መመልከት ልማድ ይሁናችሁ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋዮች ላይ አይኤችኤስ የሚለው የኢየሱስ ስም ምልክት፣ ክንፍ ያለው የመልአክ ራስ፣ እንዲሁም የስቅለቱ ዕቃዎች ማለትም መዶሻ፣ ጉጠት፣ ምስማርና መሰላል ይገኛሉ። አንዳንዴ በድስት ላይ የቆመ ዶሮ አለ። የተቀቀለው ዶሮ ከድስቱ ተነስቶ ጮኾ የክርስቶስን ትንሣኤ መሰከረ የሚለውን የሕዝብ ታሪክ ነው የሚያሳየው። የአካባቢው ጠራቢ በገዛ እጁ ያወጣው ስለሆነ ሁለት አንድ ዓይነት አታገኙም።

ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ዓመት የሞት ቀን ነው። ድንጋዩ የቆመው ብዙ ቆይቶ፣ ልጆቹ ገንዘብ ሲያገኙ ሊሆን ይችላል። "ይህን ያቆመው እገሌ ነው" የሚለውን መስመር አትዝለሉት፤ ከሟቹ ይልቅ የድንጋዩን ዘመን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ጽሑፍ የሌለባቸው፣ ከሣሩ ትንሽ ብቅ ያሉ ተራ ድንጋዮችን እንደ ውዳቂ እንዳታዩ። አብዛኞቹ የድሃ ሰው መቃብር ምልክቶች ናቸው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በሥርዓት እንዳይቀበሩ ስለተከለከሉ፣ ወላጆች በተተዉ ቤተ ክርስቲያኖች ውስጥና ዳር ዳር ላይ ቀብረዋቸዋል። ይህ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የዘለቀ ነገር ነው። ወንድምና እህታቸው እዚያ ያለ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ቀስ ብላችሁ ርገጡ፤ አንዲት ድንጋይ እንኳ ቦታዋን አታስለቅቁ።

የተለየ ነገርም ይኖራል። ክሌር ውስጥ በኪሊናቦይ ከደቡቡ በር በላይ ሺላ ና ጊግ የምትባል ራቁቷን የተቀረጸች ሴት አለች፤ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ ባለ ሁለት አግዳሚ ትልቅ መስቀል ከግንቡ ጋር ተገንብቷል። ትሪም ከተማ አጠገብ በኒውታውን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰር ሉካስ ዲሎንና የጄን ባት የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መቃብር አለ። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፣ መካከላቸው ሰይፍ አለ። ሕዝቡ "ቀናተኞቹ ባልና ሚስት" ይላቸዋል። ሰዎች የቆዳ ኪንታሮት እንዲለቃቸው መርፌ ቁልፍ በሁለቱ መካከል ያስቀምጣሉ። ብታዩት እንዳታነሱት።

የማይደረጉ ነገሮች

ጽሑፉ አልታይ ሲላችሁ ኖራ ወይም ቾክ አትቀቡ፣ በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉ፣ በረኪና አታፍስሱ። ድንጋዩ ላይ የበቀለው ሊቸን (ቅርፊት መሰል ሽፋን) በዓመት ከሚሊሜትር ያነሰ ነው የሚያድገው፤ ስትፋቁት ደግሞ የድንጋዩ ፊት አብሮ ይላቀቃል። በጎን የሚመታ ብርሃን ይበቃል። ፀሐይ ካለ በመስታወት አዙራችሁ አምጡት፣ ከሌለ ባትሪ፤ በስልካችሁ ከብዙ ማዕዘን አንሱና በኋላ ቤት ሆናችሁ ንፅፅሩን ጨምሩ።

ሐረግ አትንቀሉ። አስቀያሚ ቢመስልም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ አንዳንዴ ግንቡን የያዘው እሱ ነው። ከወደቀ አይመለስም። በሕግም ቢሆን ከመጋቢት 1 እስከ ነሐሴ 31 ወፎች በሚፈለፍሉበት ጊዜ ዕፅዋት መቁረጥ የተከለከለ ነው። ግድግዳ ላይ አትውጡ፣ ከቅስት ሥር ብዙ አትቁሙ። የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ከ1987 ጀምሮ ወንጀል ነው።

መመዝገብና ማሳወቅ

አንድ ገጽ ላይ ንድፉን ሳሉ። ሥዕል ባትችሉም ችግር የለውም። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የግድግዳውን ውፍረት ለኩ። በርና መስኮቶችን አስቀምጡ፣ መጋጠሚያዎቹን በቀይ አስምሩ፣ ከዚያ በቅደም ተከተል ቁጥር ስጧቸው፦ 1 በጣም ጥንቱ፣ 2 ቀጥሎ የመጣው። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ፎቶ ስታነሱ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሂዱ። መጀመሪያ ሙሉ ግድግዳ፣ ከዚያ መስኮቱ፣ ከዚያ የመሮው ዱካ። አጠገቡ ሜትር አስቀምጡ፤ ያለ መለኪያ የተነሳ ፎቶ በኋላ ለሌላ ሰው ብዙም አይጠቅምም።

ያልተመዘገበ የሚመስል የተቀረጸ ድንጋይ ካገኛችሁ እዚያው ተዉት። "ሰው እንዳይሰርቀው" ብላችሁ እንኳ ወደ ሌላ ቦታ አታንቀሳቅሱት፤ ቦታው የማስረጃው ግማሽ ነው። ፎቶ አንሱ፣ በስልካችሁ ያለበትን ቦታ መዝግቡ፣ ከግድግዳው በስንት ሜትር እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ ለካውንቲው የቅርስ ኃላፊ ወይም ለብሔራዊ ሐውልቶች አገልግሎት ኢሜይል ላኩ። ትክክለኛ ቦታውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፉ ግን ይቆይ፤ መጀመሪያ እነሱ መጥተው ይዩት።